እጅ የሚያስተኛ ሥር

ኢሲኬሊ በተቀበረበት ዕለት አሥራ አንድ ሰው እየተነሳ «ደግ ሰው ነበር» አለ። ቆጥሬያቸዋለሁ። ፓስተሩ ሁለት ጊዜ ስለተናገረ አሥራ ሁለት ነው ቢባልም አልከራከርም። እኔ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ውስጤ ይፈላ ነበር። ደግ ሰው! ግራ ጆሮዬን ያደነቆረው ማን ሆነና ነው?

የእህቴ ባል ነው። በእኛ በካንዳቩ ደሴት የእህት ባልና የሚስት ወንድም «ታቫሌ» ይባባላሉ፤ ታቫሌ ማለት እንደ ልብ የሚሰዳደቡት ዘመድ ነው። ሌላ ሰው ቢናገረው ደም የሚያፋስሰውን እኔ ፊት ለፊት ብለው ይስቃል። ስለዚህ የዚህን ሰው ሕይወት እንደነበረ ለመናገር ከኔ የተሻለ መብት ያለው የለም። ዘመዶቹ ያወድሱታል፣ እህቴ ቶሪካ ዝም ትላለች፣ እኔ እሰድበዋለሁ። ወጉ ነው።

ከእህቴ ጋር ደግሞ ሌላ ወግ አለን። ወንድምና እህት ከፍ ካሉ በኋላ በቀጥታ አይነጋገሩም። አክብሮት ነው ይባላል። እሷ አሥራ ሦስት ዓመት ከሞላት ጀምሮ አንዲት ቃል ተለዋውጠን አናውቅም። የምትለው ነገር ካላት ለእናታችን ትነግራለች፣ እናታችን ለኔ ትነግረኛለች። እናታችን ከሌለች ለውሻዋ ትናገራለች፤ አንዷ ስትሞት ሌላ ታሳድጋለች። «ለዚያ ሰውዬ ንገሪው፤ የጀልባው ገመድ ላልቷል» ትላታለች፤ እኔም ያልሰማሁ መስዬ ሄጄ አጠብቀዋለሁ። ያስቀን ነበር፤ እሷንም ለብቻዋ፣ እኔንም ለብቻዬ።

የኢሲኬሊ አባት ኔማኒ የያቆና ገበሬ ነበር። እዚህ ያልሆነ ማን አለ? ተራራችን ሁሉ ያቆና ነው፤ ባሕር ማዶ ካቫ የሚሉት። አራት አምስት ዓመት ጠብቀህ ሥሩን ትቆፍራለህ፣ ታደርቀዋለህ፣ በብረት ሙቀጫ ትወቅጠዋለህ፣ ገበቴ ውስጥ በውሃ አሽተህ በጨርቅ ታጠልለዋለህ፣ ከዚያ በኮኮናት ቅል ትጠጣዋለህ። ምላስ ይደነዝዛል፣ ጉልበት ይላላል፣ ሰው ከጎረቤቱ ጋር በምን እንደተጣላ ይረሳል። ኔማኒ ግን ያቆናውን ለመርከብ እየጫነ እሱ ራሱ ከዋናው ከተማ ከሱቫ የሚመጣውን አረቄ ነበር የሚጠጣው። ሲሰክር ደግሞ እጁ የሚሄደው ወደ ብረቱ ዘነዘና ነው። ኢሲኬሊ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ ግራ ክንዱን ሰበረው፤ አጥንቱ ተጣሞ ነው የገጠመው። ዘነዘናው ሙቀጫ ላይ ሲያርፍና ሚስቱ ላይ ሲያርፍ ድምፁ የተለያየ እንደነበር መንደሩ ሁሉ ያውቃል። መንደሩ ሁሉ ታዲያ ያኔ መዝሙሩን ከፍ ያደርግ ነበር።

ኢሲኬሊ አሥራ ስድስት ዓመት በሞላው ዓመት አባቱ ዘነዘናውን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ቀደመው። ሁለቱንም ጉልበቶቹን ሰበራቸው። አንዱን ከሰበረ በኋላ ሰውየው መሬት ላይ እየተንከባለለ ሲጮህ በሌላው ጎኑ ዞሮ ሌላውን ሰበረው። ነገሩ ፖሊስ ጋ አልደረሰም፤ ኔማኒ ከዛፍ ወደቀ ተባለ። ከዚያ በኋላ በኖረባቸው ሰባት ዓመታት ኔማኒ በቂጡ እየተጎተተ ኖረ። በየማለዳው ተሸክሞ ባሕር እያወረደ የሚያጥበው ግን ያው ኢሲኬሊ ነበር። ይህን ነገር እስከ ዛሬ ምን ብዬ እንደምይዘው አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ መምታት ቀለለው። ራግቢ ሜዳ ላይ የአንድ ልጅ መንጋጋ ሰበረ። ከወዲያኛው ባሕረ ሰላጤ የመጣ ሌባ የያቆና ማሳው ውስጥ ሥር ሲነቅል ቢያገኘው እጁን ግንድ ላይ አስደግፎ በቆንጨራ ሦስት ጣቶቹን ቆረጠው። ጣቶቹን በጎደሬ ቅጠል ጠቅልሎ «እነዚህም ያንተ ናቸው፣ ይዘሃቸው ሂድ» ብሎ ሰጠው። ለዚህ ሁለት ዓመት ታሰረ። ሲመለስ በደስታ የተቀበለው ሰው አልነበረም፤ ግን ማሳው ውስጥ ዳግመኛ ሌባ አልገባም።

እህትህን ታዲያ ለምን ሰጠኸው የሚለኝ አይጠፋም። ወደደችው። መልከ መልካም ነበር፣ ሥራ አይፈራም፣ አባቱንም እንዴት እንደሚያጥብ አይታ ነበር። አባታችን በሕይወት ስላልነበረ የቤቱ ትልቅ ሰው እኔ ነኝ፤ እናቴ «ምን ትላለህ?» ስትለኝ «ይሁን» አልኩ። ያቺ «ይሁን» የመጀመሪያዋ ጥፋቴ ናት።

በሦስተኛው ወር ጎደሬው ቀዘቀዘ ብሎ የፊት ጥርሷን በቡጢ አወለቀው። በቀትር ፀሐይ ከባሏ መንደር በባሕሩ ዳር መንገድ ሁለት ሰዓት በእግሯ መጣች። በራፉ ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች። ደሙ በአገጯ ወርዶ ልብሷ ላይ ደርቋል።

«ምን ሆና ነው?» አልኩ እናቴን።

«እሱ ነው» አለች እናቴ። «ጥርሷን ይዛዋለች። በጨርቅ ቋጥራዋለች።»

ቆንጨራዬን አነሳሁ። እናቴ በሩን በጀርባዋ ዘጋችው። «ቁጭ በል ኢኖኬ። ሽማግሌ ይልካሉ። ወግ አለ» አለችኝ።

በሦስተኛው ቀን የኢሲኬሊ ወገኖች በሽማግሌው በቴቪታ መሪነት መጡ፤ የዓሣ ነባሪ ጥርስ ይዘው። የክንድ ያህል ጎበጥ ያለ፣ በገመድ የታሰረ፣ ቅባት ጠጥቶ ቢጫ የሆነ ጥርስ ነው። ጠብ የሚበርደው፣ ደም የሚታረቀው በሱ ነው። ፊትህ ከቀረበ መንካት አለብህ፤ ከነካኸው ነገሩ አበቃ። አልነካም ያለ ሰው ስም በደሴቲቱ ሰምቼ አላውቅም። ቴቪታ ተንበርክከው ረጅም ንግግር አደረጉ፤ ስለ አባቶቻችን፣ ስለ ባሕሩ፣ ስለ ወጣትነት ትኩሳት። ስለ ቶሪካ ጥርስ አልተናገሩም። እኔ ተቀበልኩ፤ እርቁ አለቀ ብለው አጨበጨቡ። ቶሪካ ምንጣፏን ጠቅልላ ከኋላቸው ሄደች።

ሁለተኛው በዓመቱ ነው። ሁለተኛ ጥርስና አንድ ጎድን ሰብሯት ዳግመኛ ቤታችን መጣች። ሽማግሌ እስኪመጣ አልጠበቅሁም፤ ከጀልባዬ መቅዘፊያ ይዤ ሄድኩ። የአሳማ አጥር ሲያጥር አገኘሁት። ከኋላው መጥቼ ጀርባው ላይ ባለ በሌለ ኃይሌ አሳረፍኩበት፤ መቅዘፊያው ለሁለት ተሰበረ። ቀስ ብሎ ዞረ።

«ታቫሌ» አለኝ እየሳቀ፤ «ይሄ እንጨትህ በስብሷል። ሌላ ይዘህ ና፣ እጠብቅሃለሁ።»

«የአሳማ ልጅ» አልኩት።

«አሳማውማ እዚሁ ነው፤ ቆሞ ይሰማሃል» አለና ጆሮ ግንዴን አጮለው። ከወደቅሁ በኋላ በተረከዙ ደገመኝ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በግራ ጆሮዬ የምሰማው የባሕር ድምፅ ብቻ ነው፤ እሱም ባሕር አይደለም። ለእህቴ ጎድንና ለኔ ጆሮ አንድ የዓሣ ነባሪ ጥርስ ይዘው መጡ። ሁለት በአንድ። ተቀበልኩ።

ሦስተኛው ሲሆን የሰባት ወር እርጉዝ ነበረች። በእግሩ ነው የመታት። ልጁ ወንድ ነበር፤ ከቤታችን ጀርባ ከዳቦ ፍሬው ዛፍ ሥር እኔ ነኝ የቆፈርኩለት። በሳምንቱ ቴቪታ ጥርስ ይዘው ተንበረከኩ። ይህን ስናገር ዛሬም አፈር ብላ ይለኛል፤ ተቀበልኩ። አርባ ሰው እያየኝ፣ እናቴ አንገቷን ደፍታ፣ እህቴ ከመጋረጃው በስተጀርባ ሆና እየሰማች፣ ጥርሱን ነካሁት።

ያን ቀን ግን ቴቪታ አንድ ነገር አደረጉ። ኢሲኬሊ ያቆና አይወድም ነበር፤ ቁጭ ብሎ መጠጣት አያውቅበትም። ሽማግሌው ክንዱን ያዙትና «ዛሬ ከዚህ ምንጣፍ አትነሳም። ሲሰጡህ ትጠጣለህ፣ ሲያጨበጭቡ ታጨበጭባለህ» አሉት። ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አሥራ ስድስት ቅል ጠጣ። ምላሱ ተሳሰረ፣ ዓይኑ ብርሃን ጠላ፣ ከዚያ እዚያው ጎኑን ጥሎ ተኛ። ኢሲኬሊ ሲተኛ እንኳ ጡጫውን ጨብጦ ነበር የሚተኛው። ቶሪካ ከመጋረጃው ወጥታ ቆማ አየችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ውሻዋን፣ «ለዚያ ሰውዬ ንገሪው» አለች፤ «እጁ ተከፈተ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ራሷ ትወቅጣለች፣ ራሷ ታሻለች፣ ራሷ ታጠጣዋለች። ከማሳ ሲመለስ ገበቴው ሞልቶ ይጠብቀዋል። ይጠጣል፣ እጁ ይተኛል። መንደሩ «ያቆና ገራው» አለ። ፓስተሩ ስብከት አደረገው። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ አምስት ዓመት እህቴን የነካት የለም፤ እኔም በሰላም የተኛሁባቸው ዓመታት ናቸው። መድኃኒት አገኘን አልን። መድኃኒት ከሆነ መጠኑን ጠይቀን ማወቅ ነበረብን፤ ግን ማን ይጠይቃል? እኛ ስንወለድም ስንሞትም የምንጠጣው የራሳችን ሥር ነው።

በስድስተኛው ዓመት ቤተ ክርስቲያኑ የያቆና ጾም አወጀ፤ አንድ ወር ሙሉ ማንም እንዳይጠጣ። መንደሩ በሙሉ ገበቴውን ግድግዳ ላይ ሰቀለ። በአምስተኛው ቀን ኢሲኬሊ እንቅልፍ አጣ። በሰባተኛው ቀን የገዛ አሳማውን በቡጢ ገደለው፤ ሰው ከብቦ እያየ ራሱን ደጋግሞ እየመታ ሰባበረው። በዘጠነኛው ቀን የቶሪካን የቀኝ እጅ አንጓ በበሩና በመቃኑ መካከል አስገብቶ በሩን ዘጋው። በአሥረኛው ቀን ጾሙን ፈታች፤ ማለት ለሱ ፈታችለት። በግራ እጇ ወቅጣ አጠጣችው። ፓስተሩ ሊገስጻት ሲመጣ አንጓዋን አሳየችው። ሰውየው ልብሱን አስተካክሎ ወጣ።

ያኔ ነው ፍርሃት ውስጧ የገባው። ሥሩ ቢያልቅ፣ ዝናብ ቢበዛ፣ ያቆና የሌለበት ቀን እንዳይመጣ መስጋት ጀመረች። ጥሩው ሥር ወደ ሱቫ ይሄዳል፤ ቤት የሚቀረው ሲላጥ የሚወድቀው ልጣጭና የአገዳው ጉማጅ ነው። አባቶቻችን ያን ይጥሉት ነበር። እሷ ሰበሰበችው፣ አደረቀችው፣ ወቀጠችው። ቶሎ ይጥለዋል። ሆዱን ቢያጥወለውለውም ይጥለዋል። ሥር ሲገኝ ከሥሩ ጋር፣ ሲታጣ ልጣጩን ብቻ ታጠጣው ጀመር። ሌላም መንደር ሄጄ የሚጣለውን ልጣጭ በጆንያ እየጫንኩ የማመጣላት እኔ ነበርኩ። ውሻዋ ነግራኝ ነው።

አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት ዓመት እንዲህ ሄደ። ኢሲኬሊ ቀትር ላይ ይነሳል፣ ፊቱን ሳይታጠብ ገበቴው ጋ ይቀመጣል። እህል ጠላ፣ ጭኑ ከሳ። ቆዳው ደረቀ፣ ከዚያ እንደ ዓሣ ቅርፊት አወጣ፤ ሲያከው ይረግፋል። ዓይኑ ቀይ ሆነ። ጎደሬ ሲያርም ቆንጨራውን እግሩ ላይ ጥሎ ሁለት ጣት አጣ።

«ሌባው በምድር ላይ ፍርድ አለ ሊል ነው» አልኩት ሳየው።

«እሱ ሦስት ነው ያጣው፣ አንድ ይቀረኛል» አለ በተሳሰረ ምላሱ።

«አንተ እንሽላሊት! ቆዳህን ጥለህ ስትጨርስ ከሥር ምን ይወጣ ይሆን?»

«አንተ ትወጣለህ፤ መቅዘፊያ ይዘህ» አለኝና ሳቅን። አዎ፣ ሳቅን። በዚያን ጊዜ አብሬው ነበር የምጠጣው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከያቆናው በኋላ ማወራረጃ የምንለውን ቢራ የማመጣውም እኔ ነበርኩ። ሲነሳ ለራስ ምታቱ በእፍኝ የሚውጠውን ክኒን ከሱቅ የምገዛለትም እንዲሁ።

በመጨረሻ ዓይኑ ነጩ ቢጫ ሆነ። ሽንቱ ጠቆረ። የወፍ በሽታ ነው ተባለ። ከጤና ጣቢያው ሲስተር አሊቲ መጣች፤ የእናቱ ወገን ስለሆነች አጎቴ ትለዋለች። ደም ወስዳ ወደ ሱቫ ላከችና ውጤቱ ሲመጣ ተመልሳ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።

«አጎቴ፣ በቀን ስንት ቅል ይጠጣሉ?»

«ማን ቆጥሮ ያውቃል።»

«ከስንት ሰዓት ጀምሮ?»

«ከተነሳሁ።»

«አትደንግጪ፣ ቀትር ላይ ነው የሚነሳው» አልኩ እኔ። አልሳቀችም። ጥግ ላይ ያለውን ጆንያ ከፍታ እፍኝ ዘግና አሸተተች።

«ይሄ ሥር አይደለም» አለች።

«ልጣጭና አገዳ ነው» አለች ቶሪካ ቀስ ብላ። «ሥሩ ለመርከብ ይሄዳል።»

ሲስተር አሊቲ የዘገነችውን ጆንያው ውስጥ መለሰችው። «አባቶቻችን የሚጥሉትን ነው ያጠጣሻቸው» አለች። «ሥሩን በውሃ፣ አልፎ አልፎ፣ ሰው ሲሰበሰብ የሚጠጣ ሰው አይቻለሁ፤ ደህና ነው። ይሄ ግን በየቀኑ፣ ከነልጣጩ፣ ቢራ ተደርቦበት፣ ክኒን ተደርቦበት… ከነዚህ የትኛው ጉበታቸውን እንደበላው ሐኪሞቹም በእርግጠኝነት አይነግሩሽም። ሁሉም ግን መቆም አለበት። አጎቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ አንዲት ቅል እንዳይጠጡ። ከጠጡ ገናን አያዩም። ካቆሙ ጉበት ብዙ ጊዜ ያገግማል።»

ኢሲኬሊ ወደ ሚስቱ አየ። ቶሪካ ወደ እጁ አየች። በዚያ ቤት ውስጥ የሚሆነውን ያላወቀችው ነርሷ ብቻ ነበረች። ቢያቆም ይኖራል፤ ከኖረ እጁ ይነቃል። ሰውየው ግን መኖር ፈልጎ አቆመ። ማን ይፈርድበታል?

በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ዓሣ ይዤላቸው ስመጣ ከጀልባው ሳልወርድ ዘነዘናውን ሰማሁት። ሙቀጫ ላይ የሚያርፍ ድምፅ አልነበረም። በልጅነቴ ወደዚህ መንደር ስላክ የሰማሁት ያኛው ነው። በአንድ ጆሮዬም ለየሁት። ዓሣውን ውሃው ውስጥ ጥዬ ሮጥኩ።

ቶሪካ የቤቱ ምሰሶ ሥር ተቀምጣ ግራ ክንዷን ራሷ ላይ ጋርዳለች። ክንዷ መታጠፍ በሌለበት ቦታ ታጥፏል። ኢሲኬሊ ከፊቷ ቆሟል፤ አጥንትና ቅርፊት ብቻ የሆነ ሰው፣ ዓይኑ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ፣ አገጩ በላብ ረጥቦ፣ ዘነዘናውን በሁለት እጁ ለሁለተኛ ጊዜ እያነሳ። ዘልዬ ወገቡን ያዝኩት። ክርኑ አፍንጫዬን ሰበረው፣ ጥርሱን ትከሻዬ ላይ ተከለ፤ ተያይዘን ሙቀጫው ላይ ወደቅን። ከዚያ ግን በሽታው ረዳኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አሸነፍኩት። ደረቱ ላይ ተቀምጬ ዘነዘናውን ከእጁ ነጠቅሁና ከራሴ በላይ አነሳሁት።

ቀና ብሎ አየኝ። ትንፋሹ ይቆራረጣል። «ምታ ታቫሌ» አለኝ። «ይሄኛው አልበሰበሰም።»

ልመታው ነበር። ሌላ የሚል ካለ ውሸቱን ነው። ሦስቱን ጥርስ የተቀበለው እጄ ሦስቱንም ሊመልስ ተነስቶ ነበር።

ቶሪካ የተሰበረ ክንዷን እንደያዘች ለውሻዋ፣ «ለዚያ ሰውዬ ንገሪው» አለች። «ዘነዘናውን ያስቀምጥ። ለዚህ ሲል እስር ቤት እንዳይገባ። ይሄ የኔ ሥራ ነው።»

አስቀመጥኩት። ተነስታ ገበቴውን ከግድግዳው አወረደች። በደህና እጇ ጆንያውን ፈታች፣ የተወቀጠውን አፈሰሰች፣ ውሃ ጨመረች፣ በአንድ እጇ አሸችው። ሲስተር አሊቲ አስጥላዋለች ብዬ ያሰብኩት ጆንያ ነው። ኢሲኬሊ ቀስ ብሎ ተነስቶ ከፊቷ እግሩን አጣጥፎ ተቀመጠ። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አኖረ። ገበቴውን አየ።

«ልጣጩ አለበት?» አላት።

«አለበት።»

«ብዙ?»

«እንደ ድሮው።»

እንደ ጠጪ ወግ አንድ ጊዜ አጨበጨበ። ቅሉን በሁለት እጁ ተቀብሎ እስከ አተላው ጨለጠው። ሦስት ጊዜ አጨበጨበ። እያለቀሰ ነበር። እኔ «ሲስተር አሊቲ እኮ…» ብዬ ስጀምር ቶሪካ ሁለተኛውን ቅል እየቀዳች ወደ ውሻዋ ዞር አለች። «ንገሪው፤ እኔም ሰምቻታለሁ።»

ከዚያ በኋላ አራት ወር ኖረ። ሆዱ አበጠ፣ እግሩ አበጠ፣ ደም አስታወከው። ሲስተር አሊቲ ሱቫ ላድርስዎ ብላ ሁለት ጊዜ ጀልባ ይዛ መጣች፤ አልሄድም አለ። ለመጨረሻ ጊዜ ስሰድበው የሚመልስልኝ ትንፋሽ አልነበረውም፤ እጁን አነሳና መዳፉን ከፍቶ አሳየኝ። አውቆ ጠጣ፣ እንዳይመታት ብሎ ጠጣ የሚሉ አሉ፤ ለዚህ ነው በቀብሩ ደግ ሰው የተባለው። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ያን ያህል ቸር አይደለሁም። እህቴ እንድትተርፍ ገበቴ ሙሉ መርዝ ማሸት ካለባት ሰውየው ደግ አይደለም። እኔም አይደለሁም። ለምን ትታው አልሄደችም የሚለኝ ሰው አለ። ሄዳ ነበር፤ ሦስት ጊዜ። መልሰን ሰጠነው።

እናም የቀብሩ ዕለት፣ አሥራ አንዱ ሰው ተናግሮ ሲጨርስ፣ ሽማግሌው ቴቪታ በምርኩዝ ተደግፈው ተነሱ። አርጅተዋል። ከቅርጫት የዓሣ ነባሪ ጥርስ አውጥተው ወደኔ መጡና በመከራ ተንበረከኩ። ሟቹ ቂም ተይዞበት እንዳይቀበር ይቅርታ ሊጠይቁ ነው፤ ለሚስቱ ወገን የሚቀርብ የመጨረሻው ነው። ስለ አባቶቻችን ተናገሩ፣ ስለ ባሕሩም ተናገሩ። ጥርሱን ፊቴ አኖሩትና እጃቸውን ለማጨብጨብ አዘጋጁ። መቶ ሰው እጁን አዘጋጀ።

እጄ ከጉልበቴ አልነሳ አለኝ። ሁሉም ያየኛል። ቴቪታ በሹክሹክታ «ልጄ፣ ንካው እንጂ» አሉኝ።

ጥርሱን በገመዱ አንጠልጥዬ ተነሳሁ። በወንዶቹ መሐል አልፌ ሴቶቹ ወደ ተቀመጡበት ሄድኩ፤ ማንም ያላደረገው ነው፤ ሰው ሲንሾካሾክ ይሰማኛል። ቶሪካ በአራት ወሩ ያልዳነ ክንዷን በጨርቅ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ጥቁር ለብሳ ተቀምጣለች። ጥርሱን ፊቷ አስቀመጥኩትና እንደ ሽማግሌዎቹ በጉልበቴ ተንበረከክሁ።

ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ በጤነኛ እጇ ከወገቧ አንዲት አሮጌ ጨርቅ ፈትታ ከጎኑ ዘረጋቻት። ውስጧ ሁለት ትንንሽ ጥርሶች ነበሩ፤ ከዕድሜ ብዛት ቢጫ ሆነዋል። ቀና ብላ ዓይኔን አየችኝ። ውሻዋ አጠገቧ ነበረች፤ ለሷ አልተናገረችም።

«ኢኖኬ» አለችኝ። ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ ስሜን ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። «እናንተ ያመጣችሁት አንድ ነው። የኔ ሁለት ነበሩ።»

ማንም አላጨበጨበም።